ባለ ሁለት ሽጉጡ አረቄ አውጪ፦ የሲንግል ሞልት ዋጋ ከየት መጣ?

በአንድ የድንበር ከተማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንዱ ሁላችንም የለመድነው ብሌንድድ ውስኪ ነው። ሌላው «ሲንግል ሞልት፣ 12 ዓመት» ይላል፤ ዋጋውም ከጎረቤቱ ከፍ ይላል። ለሠርግ ወይም ለምርቃት ስጦታ የሚገዛ ደንበኛ «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ሲለን ብዙዎቻችን «ያኛው ይሻላል» ብለን እናልፋለን። የጠርሙሱ ታሪክ ግን ከእኛ ሥራ የራቀ አይደለም፤ የቀረጥ፣ የኮንትሮባንድና የስም ታሪክ ነው።

ሞልት ማለት እናቶቻችን ለጠላና ለአረቄ የሚያዘጋጁት ብቅል ነው። በስኮትላንድ ገብሱ በቅሎ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይብላላል፤ ከዚያ በመዳብ ማውጫ እንደ አረቄ ይወጣል። ጌሾ የለበትም፤ የወጣውም ወዲያው አይጠጣም፣ በርሜል ይገባል። «ሲንግል» የሚለው ቃል ውስኪው ከአንድ ማውጫ ቤት ብቻ መምጣቱን ይናገራል፤ ከአንድ በርሜል ተቀዳ ማለት አይደለም። ብሌንድድ ደግሞ የብቅል ውስኪ ከሌላ እህል በርካሽ ከሚወጣ ውስኪ ጋር የተቀላቀለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ ደጋማ አገር ቀረጡ ከባድ ነበር። ገበሬው ተደብቆ ያወጣውን ውስኪ በፈረስ ጭኖ በተራራ መንገድ ወደ ከተማ ያወርድ ነበር። በዚህ ሥራ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ የግሌንሊቬት ሸለቆ ነው። በ1823 የብሪታንያ መንግሥት ቀረጡን ከግማሽ በላይ ቀነሰና የዓመት ፈቃዱን 10 ፓውንድ አደረገው። በ1824 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ገበሬ፣ እሱም ቀድሞ ያለ ፈቃድ ያወጣ የነበረ፣ በሸለቆው የመጀመሪያውን ፈቃድ ወሰደ። ጎረቤቶቹ እንደ ከዳተኛ አዩት፤ ማውጫውን ከነነፍሱ ሊያቃጥሉት ዛቱ። የአበርላወር ባላባት ሁለት ሽጉጥ ሰጡት፤ ስሚዝም ለዓመታት እነሱን ታጥቆ ሠራ።

የግሌንሊቬት ስም ገበያ ሲያገኝ ሌሎች ማውጫ ቤቶችም በምርታቸው ላይ ይለጥፉት ጀመር። የስሚዝ ልጅ ጆን ጎርደን ስሚዝ ጉዳዩን ወደ ሕግ ወሰደው፤ በ1884ም በስምምነት አለቀ። «ዘ ግሌንሊቬት» የሚለውን ስም ለብቻው የሚጠቀመው የስሚዝ ቤት ሆነ፤ ሌሎቹ ከራሳቸው ስም ጋር አጣምረው እንዲጽፉ ተፈቀደላቸው። አባትየው በሽጉጥ የጠበቀውን ልጁ በወረቀት አስከበረ። በሌሊት ውስኪ የሚያወርደው ጎረቤት ስሙ ቢሰረቅ አቤት የሚልበት ደጅ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው የብቅል ውስኪ የብሌንድድ ማጣፈጫ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ኖረ። በ1963 ግሌንፊዲክ ሲንግል ሞልቱን ከስኮትላንድ ውጭ ለገበያ ማስተዋወቅ ጀመረ። ዛሬ በየአየር ማረፊያው ለጀማሪ የሚቀርቡት ባለ 12 ዓመት ጠርሙሶች ያንን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ታዲያ ዋጋው ይገባዋል? ሕጉ ማንኛውም ስኮች ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል እንዲቆይና የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። «12» የሚለው ቁጥር በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የታናሹን ውስኪ ዕድሜ ነው የሚናገረው። በርሜል ውስጥ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ይተናል፤ ስኮቶች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በ12 ዓመት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ሄዷል ማለት ነው። ገንዘባችሁ የሚከፍለው ይህንን ጥበቃና ይህንን ጉድለት ነው።

ስትቀምሱ በቀለሙ አትፍረዱ፤ ሕጉ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቅዳል። ጥቂት ቅዱ፤ አፋችሁን ገርበብ አድርጋችሁ አሽትቱ። ከግሌንሊቬት አካባቢ የሚመጡ ቀለል ያሉ ውስኪዎች ብዙ ጊዜ ፖም፣ ፒርና ማር ይሸታሉ። የቫኒላው ጠረን የአሜሪካ ቦርቦን ከቆየበት አሮጌ በርሜል የመጣ ነው። በትንሹ ተጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አቆዩት፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና ቅመሱ። ጥሩው ይፈታል፤ ደካማው ይቀጥናል። ከዋጡት በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይም ልብ በሉ።

ደንበኛው ቀስ ብሎ የሚያጣጥም ከሆነ ወይም ለሚያጣጥም ሰው ስጦታ ከፈለገ፣ ባለ 12 ዓመቱ ለልዩነቱ ይበቃል። በኮካ ወይም በሶዳ ሊቀላቅለው ከሆነ ግን የ12 ዓመቱ ጣዕም እዚያው ይጠፋል። ያኔ ብሌንድዱን ስጡትና የቀረው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተ ዘንድ ይመለሳል።