ኮሎምቢያ ፓይክ፦ የአንድ አጭር መንገድ የባለቤትነት ታሪክ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ማዶ ያሉትን ሰፈሮች ሰንጥቆ የሚያልፈው ኮሎምቢያ ፓይክ በግዛቱ የመንገዶች መዝገብ ቁጥር 244 ተብሎ ይታወቃል። ርዝመቱ 8 ማይል ከሩብ ወይም 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ልክ ኢምንት ቢሆንም፣ በየዘመኑ በያዘው ባለቤት ፈቃድ መልኩና መሥመሩ ተለዋውጧል። መንገዱ የተሠራው በላዩ አልፎ ለሚሄደው ነበር። በዳሩ የሚኖረው ሰው ጉዳይ በዕቅዱ ውስጥ ጎልቶ መታየት የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው።

መንገዱ ከምዕራብ የሚነሣው አናንዴል ላይ፣ ከሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ነው። የባርክሮፍት ሐይቅን በስተግራ ትቶ ወደ ምሥራቅ ይዘልቅና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ ከሊስበርግ ፓይክ ጋር ይተላለፋል። ከዚያ ከፌርፋክስ ካውንቲ ወጥቶ አርሊንግተን ካውንቲ ይገባል፤ ፎር ማይል ራን የተባለውን ወንዝ ተሻግሮም ፔንታገን አጠገብ ያበቃል።

በ1809 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሎንግ ብሪጅ ሲከፈት፣ ከምዕራብ የሚመጣውን እህል ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ የሚያደርስ መንገድ አስፈለገ። ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ጭነቱን የሚያወርደው እዚያው ፖቶማክ ዳር ባለችው በእስክንድርያ ወደብ ላይ ነበር። ኮሎምቢያ ፓይክ ከእሱ ተገንጥሎ በቀጥታ ወደ ድልድዩ እንዲያቀና ተደረገ። ምሥራቃዊው ክፍል ያኔ የኮሎምቢያ ዲስትሪክት አካል ስለነበር፣ በየኬላው ክፍያ እየሰበሰበ መንገዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ፈቃዱን ያገኘው ከአሜሪካ ኮንግረስ ነው። መሬቱ ወደ ቨርጂኒያ እንዲመለስ ኮንግረሱ የወሰነው በ1846 ነበር።

የእርስ በርስ ጦርነቱ መንገዱን የሠራዊት መተላለፊያ አደረገው። ኅዳር 20 ቀን 1861 ፕሬዚዳንት ሊንከን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሰሜን ጦር ሰልፍ የተመለከቱት እዚሁ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ ነው። በ1863 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች በአርሊንግተን ርስት ላይ ፍሪድመንስ ቪሌጅ የተባለውን መንደር መሠረተ። መንደሩ በ1900 ገደማ ሲዘጋ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ርቀው አልሄዱም፤ በኮሎምቢያ ፓይክ ግራና ቀኝ ቦታ ገዝተው ቤት ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ።

ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ ኩዊን ሲቲ ነበር። ፔንታገን ከ1941 እስከ 1943 ሲገነባ ሕንፃውን የሚከብቡት መንገዶች ሰፊ መሬት ጠየቁ፤ በ1942 ሰፈሩ ፈረሰ፣ 900 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያንም ተነሡ። በዚያው ዘመን ለጦርነቱ ሥራ የጎረፈው ሠራተኛ ማደሪያ ሲሻ፣ ባርክሮፍትን የመሳሰሉ ዝቅተኛ ፎቅ ያላቸው ሰፋፊ የኪራይ ቤቶች በመንገዱ ዳር ተሠሩ። ስለዚህ ፔንታገን በአንድ በኩል ነባር ነዋሪ ሲያፈናቅል፣ በሌላ በኩል ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስደተኛውን የሚያስጠልሉትን ቤቶች እንዲገነቡ ምክንያት ሆኗል።

የኪራዩ ርካሽነትና የአውቶቡሱ መብዛት ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቦሊቪያ፣ ከቬትናምና ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ሳበ። ዳማ ኬክ ቤትና መዓዛ ምግብ ቤት በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ የታወቁ መገናኛዎች የሆኑት በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

አርሊንግተን ካውንቲ በ2003 አዲስ የግንባታ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሱቆች ከመኪና ማቆሚያ ኋላ ከመደበቅ ይልቅ የእግረኛውን መንገድ ተጠግተው እንዲሠሩ የሚያበረታታ ነው። በ2010 ካውንቲው በክልሉ ውስጥ የሚያልፈውን አብዛኛውን የመንገዱን ክፍል ከግዛቱ ተረከበ። በመንገዱ ላይ ሊዘረጋ የታሰበው የከተማ ባቡር ግን ወጪው ከባድ ክርክር አስነሥቶ በኅዳር 2014 ተሰረዘ።

ከአዲሱ ግንባታ ጋር የመጣው የኪራይ ንረት ሥጋት ግን አልቀረም። በ2021 የባርክሮፍት 1,334 ቤቶች ለሽያጭ ሲቀርቡ፣ ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን ዶላር አበድረው ቤቶቹ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተከራይ እንዲቆዩ ከገዢው ጋር ተስማሙ።

ባለቤትነቱ ዛሬም በአንድ እጅ አልተጠቃለለም። ምሥራቃዊውን ጫፍ የፌዴራሉ መንግሥት የአርሊንግተን መካነ መቃብርን ለማስፋት ሲል በዚህ አሥርት ዓመት እንደገና መሥመሩን አዛውሮታል። ከካውንቲው ወሰን በስተምዕራብ ያለውን ደግሞ የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል። ዳማ ያለው ከወሰኑ ምሥራቅ፣ መዓዛ ከወሰኑ ምዕራብ ነው። በዳማ በኩል የሚኖር ሰው ስለ እግረኛ መንገድና ስለ ማቋረጫ ጥያቄ ቢኖረው አቤቱታውን ለራሱ ካውንቲ ቦርድ ያቀርባል፤ በመዓዛ በኩል ያለው ጎረቤቱ ግን መንገዱን ለሚይዘው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ጭምር ማመልከት አለበት።