ያልተነቃነቀችው ቀን

እስቲ ስሙኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ቡና ቤት ሁሉ፣ ወሬው አይስ ወደሚባለው የኢሚግሬሽን ፖሊስ አፈሳ በዞረ ቁጥር «እኔ ተራዬን ጠብቄ ነው የገባሁት፤ እነሱም ይጠብቁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ በዲቪ የመጣ ነው። ዲቪ እኮ ዕጣ ነው! ዕጣ የወጣለት ሰው ዕጣ ያልወጣለትን «ተራህን ጠብቅ» ሲለው፣ እኔን ትንሽ ያስቀኛል። ለመሆኑ ያ ተራ የታለ? ሰልፉስ የት ነው የሚያዘው?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ማርች 1929 ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ቤተ መንግሥቱን ለኸርበርት ሁቨር ለማስረከብ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነው። በዚያችው ሳምንት ኮንግረሱ መንታ ወለደ። የበኩር ልጁ ማርች 2 የጸደቀው የምዝገባ ሕግ ነው፦ ከጁን 3 ቀን 1921 በፊት የገባ፣ ከዚያ ወዲህ እዚሁ የኖረ፣ ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው፣ የመግቢያ መዝገቡ ባይገኝም 20 ዶላር ከፍሎ ይመዝገብ፤ ቋሚ ነዋሪ ይሁን ይላል። ከሁለት ቀን በኋላ ታናሹ መጣ። ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር ወንጀል ሆነ፤ ተባርሮ መመለስ ደግሞ የባሰ ወንጀል።

የመጀመሪያው በአብዛኛው የጠቀመው አውሮፓውያንን ነው። ሁለተኛው ያነጣጠረው ሜክሲኮዎች ላይ ነበር። ገፋፊው የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ኮልማን ብሊስ፣ ጥቁር ሰው በመንጋ ሲገደል በአደባባይ «ደግ ተደረገ» ይል የነበረ ሰው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ «ሕግ ሕግ ነው» ሲባል የማን ሕግ እንደነበረ ማወቅ አይከፋም።

ታዲያ ያ የምዝገባ ሕግ ለብዙ ዘመን አልተረሳም ነበር። በሕጉ የተቀመጠችው የመግቢያ ቀን ስታረጅ ኮንግረሱ ወደፊት ይገፋታል። መጀመሪያ ወደ 1924 ተገፋች። በ1958 ወደ 1940፣ በ1965 ደግሞ ወደ 1948 አመጧት። በ1986 ሮናልድ ሬገን በፈረሙት ሕግ ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 ላይ አደረሷት። እዚያው ቀረች። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንዲት ቀን ፈቀቅ አላለችም።

በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ነው። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ደርግ የሚባል ስም አልተሰማም፤ ከቀይ ሽብር አምልጦ ሱዳን የገባ ተማሪ የለም። ዛሬ በዚህ በር ልግባ የሚል ሰው ከ50 ዓመት በላይ አሜሪካ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። የእኛ ሰው ያለፈው በሌሎች በሮች ነው፦ በ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ በአሳይለም፣ በዲቪ፣ በ2022 ለኢትዮጵያውያን በተፈቀደው ጊዜያዊ ከለላ፣ በቲፒኤስ። ከነዚህ አንዱም ሳይደርሰው የቀረው ወረቀት አልባ ሆነ።

«በ1986 ምሕረት ተሰጥቶ አልነበረም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ተሰጥቷል። ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አገኘ። በምላሹ አሠሪ ወረቀት የሌለው ሰው እንዳይቀጥር ታዘዘ። ግን አሠሪው የሚፈለግበት ወረቀቱ እውነተኛ መምሰሉን ማየት ብቻ ስለነበር፣ የሐሰት ወረቀት ገበያው ደራ። በ2007 ወረቀት አልባው ከ12 ሚሊዮን አለፈ። እንግዲህ «ምሕረት ሌላውን ይጠራል» የሚሉ ሰዎች መከራከሪያቸው ይህ ነው፤ ከንቱ ወሬ አይደለም። እኔ የምለው ግን፣ ሕጉ ያለፈውን ይቅር ሲል ለሚመጣው ሠራተኛ የሚገባበት በር አላበጀም፤ ቀኗንም ዳግመኛ የገፋት የለም።

ታናሹ መንታ ግን አደገ። በ1996 ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ጥርስ አወጣለት። እንዴት እንደሚነክስ በአንድ ሰው እንየው፤ ስም አልሰጠውም፣ የየሰፈሩ ሐበሻ ነው። ከብራዚል ተነሥቶ የዳሪየንን ጫካ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል በሌሊት ገባ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ሚስቱ ዜጋ ናት፤ ልጆች አሏቸው። ሚስት አመለከተችለት፤ ጋብቻው እውነተኛ ነው ተብሎ ጸደቀ። ቤተሰቡ እልል አለ። ከዚያ ጠበቃው እንዲህ አለ፦ «በፍተሻ ስላልገባህ ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው። ግን ከደለስ አየር ማረፊያ በተሳፈርክ ቅጽበት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ወረቀት ስለኖርክ፣ ለ10 ዓመት መመለስ ይከለከልሃል።»

ይቅርታ መጠየቂያ ማመልከቻ አለ። ሚስት፣ ባሏ ቢከለከልባት ከባድ ችግር እንደሚደርስባት በሰነድ ታስረዳለች። የሐኪም ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሁሉ ይጠረዛል። ባል የሌለበት ቤት እንደሚቸግር ማስረጃ አምጪ ትባላለች! ከዚያ ዓመታት መጠበቅ ነው። ተራ የሚባለው ይህ ከሆነ እንግዲህ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2003 አይስ ተቋቋመ። በ2007 ትልቁ የማሻሻያ ሕግ ሴኔት ውስጥ ወደቀ። በ2013 ሴኔቱ ሌላውን 68 ለ32 አሳለፈው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ድምፅ እንኳ አልሰጠበትም። በ2024 ሁለቱ ፓርቲዎች የተደራደሩበት የድንበር ሕግም ከሸፈ። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ለድንበርና ለማባረር ሥራ ወደ 170 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ ከዚህ ውስጥ 45 ቢሊዮኑ ለማሰሪያ ቦታ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ተቆልሎባቸዋል።

የካሊፎርኒያው ሴናተር አሌክስ ፓዲያ እና የምክር ቤት አባሏ ዞዊ ሎፍግረን አንድ ረቂቅ አቅርበው ነበር፦ ቀኗ ቀርታ ሰባት ዓመት የኖረ ሁሉ ይመዝገብ የሚል። አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ የ1929ኙን ሕግ ማደስ ነው። አልጸደቀም። ድንበር ይጠበቅ፣ ወንጀለኛ ይባረር ለሚል ሰው እኔ ተቃውሞ የለኝም። ሃያ ዓመት ሠርቶ ግብር የከፈለን ሰው ግን የ1972 ቀን አቁሞበት «ሕግ አክብር» ማለት ፍትሕ አይመስለኝም።

እናንተ በዲቪም በአሳይለምም መጥታችሁ ዜጋ የሆናችሁ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ድምፅ አላችሁ። ለምክር ቤት አባላችሁ ደውሉ። ስልኩን የሚያነሣው ልጅ ዚፕ ኮዳችሁን ይጠይቃል፤ የምዝገባው ቀን ይገፋ በሉት፤ አይገፋ የምትሉም ብትሆኑ ንገሩት።