የሦስት ቮልት ትዝታ

ስለ ገበጣ ታሪክ ብጽፍ የሚቆጣኝ አንባቢ አይኖርም። ገበጣ አርጅቷል፤ ያረጀ ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ወግ አለው። በእጅ ስለሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ጌም እጽፋለሁ ስል ግን "ደግሞ ለዚህ!" የሚል አይጠፋም። ገና ትናንት የመጣ፣ ልጅን ከጥናቱ የሚያዘናጋ ዕቃ ተደርጎ ነውና የሚታየው። ያ "ትናንት" ግን ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ መጫወቻውም አብሮት እያረጀ ነው። ሲያረጅ ደግሞ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ቀድሞ የሚከዳው ትዝታው ነው።

ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ ማምረት ነበር። ልክ በ100 ዓመቱ፣ በሚያዝያ 1989፣ ጌም ቦይ የተባለውን ግራጫ ዕቃ ገበያ ላይ አዋለ። ከጀርባው የነበረው ሰው ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል፤ በ1965 ወደ ኩባንያው ሲገባ የፋብሪካ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የዮኮይ እምነት አጭር ነው፤ አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ የቆየውን፣ የተፈተነውንና የረከሰውን ወስዶ ባልታሰበበት ቦታ ማዋል። ስለዚህ የጌም ቦይ መስተዋት ቀለም አልነበረውም፤ ከኋላው የሚያበራለት መብራትም አልነበረውም። በ4 ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ግን ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። በዚያው ዘመን የወጡት ባለቀለሞቹ ተፎካካሪዎች፣ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር፣ 6 ድንጋይ ጎርሰው በጥቂት ሰዓት ጭጭ ይሉ ነበር። እኔ የዮኮይን መንገድ የምወደው ከእኛ ከጠጋኞቹ አገር አሳብ ጋር ስለሚቀራረብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከዕቃው ጋር አብሮ የተሸጠው ጨዋታ ቴትሪስ ነበር። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ በሳይንስ አካዳሚው የኮምፒዩተር ማዕከል ሲሠራ፣ በ1984 የፈጠረው ነው። (በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተውን የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለሚያስታውስ ሰው፣ ሞስኮ ለከተማችን ያን ያህል ባዕድ አይደለችም።) በእኛ ሠፈር ብዙው ልጅ የሚያውቀው ግን እውነተኛውን ጌም ቦይ ሳይሆን በርካሽ የሚሸጠውን የቻይና "ቴትሪስ" ነበር። እሱ ደግሞ ትዝታ የሚባል አልፈጠረበትም። ድንጋዩ ወልቆ ሲገባ የሳምንቱ ሁሉ ድል ዜሮ ይሆናል፤ ወንድምና እኅት የተጣሉበት ነጥብ እንዳልነበረ ይጠፋል።

ጌም ቦይ በዚህ ይለያል። ጨዋታው ያለው እንደ ካሴት በሚሰካ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። ረጅም ጊዜ በሚወስዱት ጨዋታዎች ካሴት ውስጥ የተጫዋቹን ውሎ የምትመዘግብ አንዲት ማስታወሻ አለች። ይህች ማስታወሻ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ከተቋረጠባት ሁሉንም ትረሳለች። ስለዚህ ጨዋታው ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠበት ዘመን ሁሉ የሚመግባት ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ከጎኗ ተበየደላት። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ የተንዛዛ የምሥጢር ቃል በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ነበረበት፤ በባትሪ የሚያስታውስ ካሴት አሜሪካ ውስጥ እንዲታወቅ ያደረገው በ1987 የወጣው "ዘልዳ" ነው፤ እሱም በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ነበር። ፈጠራው ብልኅነት አለው፤ ዕድሜው ግን የደንገል ታንኳ ዕድሜ ነው። ታንኳ ሠሪ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ እንደሚከብድ ያውቃል፤ ሳይሰምጥ ሌላ ያስራል። ካሴቱን የሠሩት ግን ልጁ አድጎ ይተወዋል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ሁለተኛው ብልኅነት ገመዱ ነው። ጌም ቦይ ከጎኑ ሁለት ዕቃዎችን የሚያገናኝ ቀዳዳ ነበረው። አሠራሩን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። አንደኛው ዕቃ የጊዜውን ምት ይመታል፤ በእያንዳንዱ ዙር 8 ምልክት ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ፣ በዚያው ቅጽበት 8 ምልክት ከዚያ ወደዚህ ይመጣል። ሳይቀበል መላክ አይችልም። ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ኪሎባይት ገደማ ነው። በ1996 ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ፣ በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰብ የሚወድ ጃፓናዊ፣ ይህን ገመድ የጨዋታው ሁሉ እምብርት አደረገው። ፖኬሞን በሁለት ዓይነት ካሴት ወጣ፤ አንዱ ላይ ያሉ አንዳንድ ፍጡራን ሌላው ላይ የሉም። ሁሉንም መሰብሰብ የፈለገ ልጅ የግድ ሌላ ልጅ ፈልጎ፣ ገመድ ሰክቶ፣ መለዋወጥ አለበት። ልውውጥ እንጂ ግልባጭ አይደለም፤ የሰጠኸው ከአንተ ዘንድ ይሄዳል። በሄደበትም የመጀመሪያ ባለቤቱን ስም ይዞ ይኖራል።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በዚህ ስም ምክንያት ነው። በ1993 ዓ.ም. ክረምት ከውጭ አገር ለጉብኝት የመጣ የዘመድ ልጅ ሁለት ባለቀለም ጌም ቦይ፣ የፖኬሞን ወርቅና ብር የሚባሉትን ካሴቶችና አንድ ገመድ ይዞ ባሕር ዳር ገባ። ዝናቡ ከቤት ባያስወጣም እሱና የእኅቴ ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ገመዱ በመካከላቸው ተወጥሮ፣ ክረምቱን እንዲያ አሳለፉት። ሲሄድ አንዱን ዕቃ ከነብሩ ካሴት ትቶለት ሄደ። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት የለም። የእኅቴ ልጅ ካሴት ውስጥ ግን በዚያ ክረምት የተለዋወጡት ፍጡር የእሱን ስም እንደያዘ አለ፤ ጨዋታው ከ7 ፊደል በላይ ስለማይቀበል ስሙ መጨረሻው ላይ የተቆረጠ ነው። የሟቹ እናት የልጇን ካሴት በሰው እጅ ልካ ነበር። ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ባትሪው አልቋል።

"ጋሼ፣ የእኔም ሳያልቅ ባትሪውን ቀይርልኝ" አለኝ የእኅቴ ልጅ። ነገሩ የመቀየር ብቻ አልነበረም። የወርቁና የብሩ ካሴት ከማስታወሻው ሌላ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ሰዓትም ስላለው ባትሪው ከሌሎቹ ቀድሞ ይደክማል። የሚወስደው 2025 የሚባለውን ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚገባ በየሱቁ የማይጠፋው 2032 ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ እሱም ይሆናል። ችግሩ ካሴቱ የሚፈልገው የብረት ጆሮ በፋብሪካ የተበየደለትን መሆኑ ነው። ጆሮ በሌለው ሊቲየም ባትሪ ላይ በቀጥታ የበየደ ሰው ባትሪው ቢፈነዳበት አይግረመው፤ በፕላስተር የለጠፈም ካሴቱ በተነቀነቀ ቁጥር ይረሳበታል። ካሴቱን ለመክፈት ደግሞ የተለመደው ካቻቢቴ አይሆንም፤ ብሎኑ ለራሱ የተሠራ መፍቻ አለው። ከሁሉ የከፋው ግን አሮጌው ባትሪ የሚነሣበት ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ማስታወሻዋ ምግብ ታጣለች። ለማዳን የተጀመረው ጥገና ራሱ ማጥፊያው ይሆናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ግልባጭ መጀመሪያ፣ ባትሪ ቀጥሎ፣ ገመድ በመጨረሻ። ግልባጩን የሚያወጣው ካሴቱን ከኮምፒዩተር የሚያገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ነው። የጨዋታው ፋብሪካ አይሠራውም፤ የሚሠሩት ዕቃውን የሚወዱ ግለሰቦች ናቸው። በመንገደኛ አስመጣን። የዚያ ክረምት ሁሉ ውሎ 32 ኪሎባይት ሆኖ ወጣ። ይህ ጽሑፍ ብቻውን ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ ከሲሶው በላይ ይሞላዋል።

እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለንም። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው የግዕዝ ምሁር በ1968 በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከከተማችን ብዙም የማይርቀውን የክብራን ገብርኤልን ዝርዝር በ1973 አሳትሟል። ብራናው ባትሪ አይፈልግም፤ እሳትና ምስጥ ግን አይምረውም። ግልባጭ የሚወሰደው ዋናው በሕይወት ሳለ መሆኑ ለሁለቱም አንድ ነው።

ገመዱ ከባትሪው ይልቅ አስቸገረን። የ1989ኙ ጌም ቦይ መሰኪያ ትልቅ ነው፤ በ1996 የመጣው ኪስ ገቡና በ1998 የመጣው ባለቀለሙ አነስተኛውን ይጠቀማሉ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ለማገናኘት መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። የ2001ዱ ጌም ቦይ አድቫንስ ገመድ ደግሞ ከባለቀለሙ ጋር ሲያዩት መንትያ ይመስላል፤ ሲሰኩት ግን እንቢ ይላል። አንድ ሻጭ "ሁሉም ያው ነው" ብሎ የሰጠን ይህኑ ነበር። ሁለተኛው ገባ፤ ሆኖም አላገናኘም። በቴስተር ስንለካው የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር መሻገር ሲገባው ቀጥ ብሎ ሄዷል፤ ሁለቱም ዕቃዎች ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ገመዱን ቆርጦ ሁለቱን ክሮች አሻግሮ በየደው። ከዚያ ወዲህ ይሠራል። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከማሸጊያው ላይ ጽሑፍ ቴስተሩን ይመን እላለሁ።

ኩባንያው ራሱ ከባትሪው ችግር ቀስ በቀስ ወጥቷል። በ2002 የወጡት የአድቫንስ ፖኬሞኖች፣ ሩቢና ሳፋየር፣ ውሎውን የሚመዘግቡት ያለ ኤሌክትሪክ በማይረሳ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ባትሪያቸው ቢያልቅ የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው። ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት አስመስሎ የተሠሩ ካሴቶች ብዙዎቹ ግን ወደ ባትሪው ተመልሰዋል፤ ጭራሽ የማይመዘግቡም አሉ። ከገመዱም ወጥቷል፤ በ2004 ያለ ገመድ የሚያገናኝ ተቀጥላ ሸጠ፤ በዚያው ዓመት የመጣው ዲ.ኤስ. ገመድ አልባ ሆኖ ተወለደ፤ ቀጥሎም ዓለም ሁሉ በኢንተርኔት ተገናኘ። የዲ.ኤስ. የኢንተርኔት አገልግሎት በግንቦት 2014 ተዘጋ። ተከታዩ 3ዲ.ኤስም በሚያዝያ 2024 ተከተለው። ከ1989ኙ ግራጫ ዕቃ ሁለቱን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ 4፣ 4 የባትሪ ድንጋይ አጉርሶ፣ ደኅና ገመድ ለሰካ ሰው ግን ቴትሪስ ዛሬም ለሁለት ይጫወታል።