ከገበያተኛ እስከ ሸማች፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የመገብየት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ተራ ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። በደባርቅ ከተማ ዳርቻ፣ በቅርብ ዓመታት በተቆረቆሩት ሰፈሮች የሚኖር ቤተሰብ እህሉን፣ ጨውንና በርበሬውን፣ ሳሙናውንና ማገዶውን ከወዴት ይገዛል? ጥያቄው የታሪክ ሳይሆን የጓዳ ጉዳይ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ስለ ሰሜንና ስለ ወገራ ያነበብሁት አብዛኛው ጽሑፍ ስለ መሳፍንት፣ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ዘውድ የሚናገር ነበርና፣ ገበያ ጦር ሲያልፍበት ብቻ የሚጠቀስ ሥፍራ መስሎኝ ቆየሁ።

አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የልጅነት ትዝታ ነው። እናቴን ተከትዬ ገበያ ስወጣ፣ ባዶ እጇን የሄደችበትን ቀን አላስታውስም። ወይ ዶሮ፣ ወይ በዘንቢል እንቁላል፣ ወይ በእንቅብ ገብስ ይዛ ትወጣለች። አስቀድማ ትሸጣለች፤ የሸጠችበትንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጨውና በርበሬ ወዳለበት ተራ ትሻገራለች። ሻጭና ገዢ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ የሚፈራረቁ ሁለት ሥራዎች ነበሩ። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ «ገበያተኛ» የሚለው ቃል ለሻጭም ለገዢም እኩል ያገለግላል።

«ሸማች» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ሸመተ ማለት ከጥንት አገባቡ እህል በገንዘብ ገዛ ማለት ነው። በገበሬ ቤት እህል የሚመረት እንጂ የሚገዛ አልነበረምና፣ «እገሌ እኮ ሸምቶ ነው የሚበላ» ሲባል የሚሰማው ቃና የሐዘኔታ ነበር፤ መሬቱን ያጣ፣ ወይም አዝመራው የከዳው ሰው ማለት ነው። ዛሬ ይኸው ቃል በኅብረት ሥራ ማኅበር ማኅተም ላይ ተቀርጾ፣ በመንግሥት መግለጫ ውስጥ ገብቶ፣ የዜጋ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በዚህ ንግግር ላሳያችሁ የምፈልገው፣ ከገበያተኛነት ወደ ሸማችነት የተደረገው ጉዞ በዚህ ተራራ ግርጌ እንዴት እንደተከናወነና ምን እንዳስከፈለ ነው።

በመጀመሪያ መልክዐ ምድሩን እንመልከት። ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከሊማሊሞ ገደል በታች ያለው የዛሪማ ቆላ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ነው። በእግር አንድ ወይም ሁለት ቀን በሚፈጅ መንገድ ውስጥ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገናኛሉ። ውርጩና ደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ በግና የበግ ጠጉር ያወጣል፤ ቆላው ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ፍየልና ማር። ባና የሚለብሰው ደገኛ ለነጠላው የቆላ ጥጥ ያስፈልገዋል፤ ቆለኛውም ለዓመት በዓል የደጋ በግ ይሻል። እነዚህ ሁለት ዓለማት የሚገናኙበት ቦታ አፋፉ ነው፤ ደባርቅም የተቀመጠችው በአፋፉ ላይ ነው። ዳባት ደግሞ ከእርሷ በስተ ደቡብ፣ በወገራ ሰፊ የእህል ሜዳ ላይ ሆና ወደ ጎንደር የሚወርደውን መንገድ ትይዛለች። ስለዚህ ገበያው ከከተማው ይቀድማል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚያቀናው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ሊማሊሞን መውጣት ግድ ይለው ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲጓዝ የወጣው በዚሁ አቀበት ነው። አቀበት ባለበት ቅፍለት ያርፋል፤ ቅፍለት ባረፈበት ኬላ ይቆማል፤ ኬላ በቆመበትም ቀረጥ ይሰበሰባል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን አጣምረው በገዙበት ዘመን የነበራቸው ኃይል ከዚህ መንገድ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሲሆኑና ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ እጅ የቀየረው ዘውድ ብቻ ሳይሆን የጨው መንገድም ጭምር ነበር።

ጨው ስል አሞሌ ማለቴ ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ሲሰበር ወይም ዝናብ ሲነካው ይቀንሳል። ከእርሱ ጎን ለጎን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይሠራ ነበር። ነገር ግን ጠገራው የትልልቅ ነጋዴና የግብር ገንዘብ ነበር፤ ለአንዲት እመቤት የሳምንት ጉዳይ እጅግ ትልቅ ነበርና። የእርሷ ገንዘብ አሞሌው ስባሪ፣ የጥጡ ልቃቂት፣ የገብሱ ቁና ነው። የውጭ ተጓዦች የነጋዴውን ጭነት በዝርዝር ሲመዘግቡ የእርሷን እንቅብ ግን እምብዛም አልቆጠሩትም። የገበያ ታሪካችን በአብዛኛው የነጋዴ ታሪክ ሆኖ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከገበያው ያጣነውም የሰው እጅ አለ። በሰሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቁ ነበሩ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ እንስራውና ምጣዱ ከእነርሱ እጅ ይወጣ ነበር። ጎረቤት በሥራቸው እየተጠቀመ በስም ያሸማቅቃቸው እንደነበር መሸሸግ አይገባም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ የጉዞ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ገበያው ባለሙያዎቹን አጣ። በእንስራው ቦታ ዛሬ ቢጫው ጀሪካን ቆሟል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመኪናው ዘመን ነው። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረችባቸው ዓመታት ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ ጠርባ ሠራች። በአፋፉ ላይ የነበረው የኢጣሊያ ምሽግ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን አልሰጠም ነበር። ወራሪው ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ በመንገዱም የጭነት መኪና፣ በመኪናውም የፋብሪካ ዕቃ መጣ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከነሳንቲሙ ሥራ ላይ ዋለ። አስተውሉ፤ ሳንቲም ማለት ትንሽ ነገር ለመግዛት ትንሽ ገንዘብ ተገኘ ማለት ነው። ሱቅም የሚያድገው በዚህ ላይ ነው። «ሱቅ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የገበያ ተቃራኒ ሆነ። ገበያ በሳምንት ቀን ጠብቆ ይቆማል፤ ሱቅ ዘወትር ክፍት ነው። ገበያ እንቁላልሽን ይቀበላል፤ ሱቅ ብርሽን ብቻ። ብር ከሌለሽ ዱቤ ይጻፍልሻል፤ በዱቤ መዝገብም ሰው ከገበያተኛነት ወደ ባለ ዕዳነት ይሸጋገራል።

አራተኛው ምዕራፍ የደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ፣ ከእነርሱ ጋር የቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳር፣ ሳሙናና ጨው በራሽን ካርድ፣ በሰልፍ ይታደል ጀመር። በገጠሩ በኩል ደግሞ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ኮታ በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስብ ነበር። እዚህ ላይ ነው ሸመታ ፍጹም አዲስ ትርጉም ያገኘው። ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ በውድ ዋጋ ከገበያ ሸምቶ፣ በርካሽ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። የሚበላው ያጣ ሰው ሲሸምት እናውቅ ነበር፤ ለመስጠት የሚሸምት ሰው ግን የዚያ ዘመን ፍጡር ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀረ። ሸማች የሚለው ስም ግን አልቀረም፤ ከ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ በኋላ በየከተማው በተቋቋሙት የሸማቾች ማኅበራት ሕጋዊ ክብር አገኘ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ፣ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ግን በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከምክንያቶቹም መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻና ግጦሽ ይገኝበታል። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከአራት መቶ የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች የገንዘብ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛውረዋል። ዋልያው ዕፎይታ አግኝቷል፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን በደባርቅ ገበያ ዓይን ስናየው ሌላ ነገርም ሆኗል። ትናንት ገብሱንና በጉን ነድቶ፣ ጨው ገዝቶ የሚመለስ ገበያተኛ፣ ዛሬ እዚያው ገበያ ገብስ ሊሸምት ይመጣል። ገበያው ቀርቦታል፤ ይዞት የሚመጣው ነገር ግን ርቆታል። ካሳ በአንድ ቀን ይቆጠራል፤ ሸመታ ግን በየሳምንቱ ነው።

በእነዚህ ዳርቻዎች ክፍተቱን የሚሞላው ጉሊት ነው። ሴቶች በመንገድ ዳር ማዳበሪያ አንጥፈው ድንች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ይሸጣሉ። አንዲት ሴት ጠዋት ከዋናው ገበያ በብዛት ገዝታ፣ ከሰዓት በሰፈሯ ትቸረችራለች። ከጥቃቅን ንግድ የምትገኘው ትርፍ አነስተኛ ናት፤ ቢሆንም ይህች ሴት ከሸማችነት ተመልሳ ገበያተኛ ሆናለች። ጉሊትን የመንገድ መዝጊያ፣ የከተማ ጉድፍ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። እኔ ግን በአያቶቻችን የገበያ ሥርዓትና በዛሬው ከተማ መካከል የተዘረጋ ድልድይ አድርጌ አየዋለሁ።

ድልድይ ካልሁ የተሰበረውንም ላንሣ። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት በተከዜ ላይ ያለው ድልድይ ፈርሶ ከሽሬ የሚመጣው መንገድ ተቋረጠ። በነሐሴ ወር መጨረሻም ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት ቀርቦ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከአዲ አርቃይና ከጠለምት የተፈናቀሉ ብዙዎች በደባርቅ ተጠለሉ። የዕርዳታ ስንዴ የሚጠብቅ ሰው ገበያተኛም ሸማችም አይደለም፤ ተቀባይ ነው። ለዘመናት ደጋንና ቆላን፣ አማርኛ ተናጋሪንና ትግርኛ ተናጋሪን፣ ክርስቲያንንና ሙስሊምን በሳምንት አንድ ቀን ያገናኝ የነበረው መንገድ ሲዘጋ፣ የተቋረጠው የሸቀጥ ዝውውር ብቻ አልነበረም። ከአንድ ሰው ጨው እየገዙ ስለ እርሱ ክፉ ብቻ ማመን ይከብዳል፤ ሳይተያዩ ሲቀሩ ግን ይቀልላል።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙ። ስለ ገበያ ስትጠይቁ «ምን ይሸጣል? በስንት?» ብላችሁ አትቁሙ። «ይህ ሰው ምን ይዞ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተሞቻችን ወደ ዳር ሲሰፉ ቤትና መንገድ ይታቀዳል፤ የገበያ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል፤ ሰው ይገዛል እንጂ ይሸጣል ተብሎ አይታሰብምና። የእናቶቻችሁንና የአያቶቻችሁን የገበያ ትዝታ ሳይረፍድ መዝግቡ፤ በየትኛው ቀን ወጡ፣ ምን ሸጡ፣ በዚያስ ምን ገዙ፣ ከማን ጋር ተጨዋወቱ። መዝገብ ቤቶቻችን የቀረጡን ልክ ይነግሩን ይሆናል፤ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረውን ግን ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።