ካስማና ችካል በፎገራ ሜዳ

ስለ ግንብ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ስለ ካስማ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ግንብ ዘመን ተሻግሮ ሲታይ ካስማ በስብሶ አፈር ስለሚሆን፥ ይህ አያስደንቅም። ዳሩ ግን የነገሥታቶቻችን መቀመጫ ከጎንደር በፊት ለረዥም ዘመን የድንኳን ሰፈር ስለ ነበረ፥ መንግሥቱ ጫፉ በሾለ እንጨት ላይ ተወጥሮ ይኖር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞው አነጋገር የንጉሥና የጦር ሰፈር ማለት እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ፥ ድንኳኑ ከ5 ሺሕ እስከ 6 ሺሕ እንደሚደርስ ገምቷል። አንዱ ድንኳን 10 ካስማ ብቻ ቢሻ እንኳ፥ ከ50 ሺሕ የማያንስ እንጨት ተቈርጦ መሾል ነበረበት ማለት ነው። ይህ ስሌት የእኛ ነው። ካስማው ከአንዱ ሰፈር ተነቅሎ በሌላው ይተከላል፤ የተሰነጠቀውንና የጠፋውን የሚተካው ግን በቅርብ ካለው ዱር ይቈረጣል።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ፥ ቤተ መንግሥቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወርበትን ምክንያት ሲያስረዳ የማገዶን እጥረት ያነሣል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መቀመጫው ቆጋ፥ ጎርጎራ፥ ደንቀዝ እየተባለ ተለዋውጧል። ደኑን የጨረሰው ከካስማ ይልቅ ምድጃ እንደ ሆነ ግልጥ ነው። ሆኖም ካስማ የሚመርጠው ወይራንና ጽድን፥ ማለት ምስጥ የሚፈራውን ነገር ግን ቶሎ የማይተካውን ዛፍ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ ቀላል ነበር አንልም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቈረቍሩ ዘመነ ካስማ ማምሸት ጀመረ።

ፎገራ የዚህ ታሪክ ጎረቤት ነው። በስተሰሜኑ በእንፍራዝ፥ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ሜዳው ራሱ ግን ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚሞሉበት ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናም ሲጠጣ ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ጥጃውን የሚያስር እረኛም ሆነ አትክልቱን የሚያጥር ገበሬ፥ ችካሉን እንዴት እንደሚያሾል ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

በአንድ ወገን ብቻ የተጠረበ ችካል ሲመታ ወደ ጎን ይሸሻል፤ በአራቱም ወገን እኩል የተጠረበ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። ሹሉ እንደ መርፌ ከቀጠነ ጠጠር ሲነካ ይታጠፋል፤ ከደነደነም መሬቱን ይበረግዳል እንጂ አይገባም። እርጥብ እንጨት ለመጥረቢያ ይታዘዛል፥ የደረቀ ግን ስለቱን ይመልሳል። መዶሻ የሚያርፍበት ራሱም ዙሪያው ካልተላገ ይሰነጠቃል። መትከያው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው፤ በበጋ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ችካል በሬ ቀርቶ ፍየል ይነቅለዋል። እነዚህን ነገሮች የጻፈልን የለም፤ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፉ ናቸው፥ እኛም ስለዚሁ እንጽፋቸዋለን።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ወደ ፎገራ ገባና የግጦሹን ብዙ እጅ ወሰደ፤ የጥጃ ችካልም አብሮ ቀነሰ። የአትክልቱ ግን አልቀረም። ቲማቲሙን ከመሬት አንሥቶ ሊደግፍ የሚሻ ገበሬ ዛሬ የሚያገኘው፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፥ ቀጥ ያለም ነው፤ እንደ ወይራ ግን አይከርምም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲነቀል፥ በጥልቅ የተቀበረው ሹሉ ደኅና ሆኖ ከአፈሩ ወለል ጋር የተጋጠመው አንገቱ በስብሶ ይገኛል። ባለቤቱ የበሰበሰውን ቈርጦ ይጥላል፥ ከቀረው ላይ አዲስ ሹል ያወጣል፤ ችካሉም አንድ ክንድ አጥሮ ወደ መሬቱ ይመለሳል።