ከአማካዩ በፊት፦ የተለባሽ ሴንሰር መረጃን የጊዜ ሽፋንና ክፍተት በግራፍ ስለማሳየት

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ለቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እንቅስቃሴ የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት ለአንድ ሳምንት አሰርንላቸው እንበል። ተመራማሪው የሚቸኩለው የዕለቱን አማካይ ለማስላት ነው። መቅደም ያለበት ግን መረጃው የቱን ሰዓት እንደሸፈነና የቱን እንደሳተ የሚያሳየው ግራፍ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአንድ ሰው አንድ ቀን አንድ አግድም ረድፍ ይሆናል፤ መረጃ ያለበት ይቀለማል፣ የሌለበት ነጭ ይቀራል። ባትሪው ያለቀበትና ሰዓቱ ከእጅ የወለቀበት ጊዜ ግን በአንድ ቀለም መታየት የለባቸውም። ከሁሉ የሚከፋው ዜሮን ከባዶ መደባለቅ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዓት አርፎ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

የብሪታንያው ግዙፍ የጤና ጥናት ዩኬ ባዮባንክ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ከ100,000 በላይ ለሆኑ ብሪታንያውያን ለ7 ቀን እንቅስቃሴ መዝጋቢ መሣሪያ አስሮላቸዋል። በመረጃው ትንተና ቢያንስ 60 ደቂቃ ያልተነቃነቀ መሣሪያ እንደወለቀ ተቆጠረ፤ ክፍተቱም በሌሎቹ ቀናት የተመሳሳይ ደቂቃ አማካይ ተሞላ። ከ72 ሰዓት በታች ያሰረ፣ ወይም ከ24ቱ ሰዓት አንዱ በየትኛውም ቀን ያልተሸፈነለት ሰው ተቀነሰ። ይህ የኋለኛው መስፈርት ብልህ ነው፤ ዘወትር ማታ 2 ሰዓት ላይ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው የሚበደርለት ሌላ ማታ የለምና።

ወደ አራብሳ ስንመለስ ደንቡ ይፈተናል። ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት (ውዱእ) ለጥቂት ደቂቃ የሚወልቅ ሰዓት ከ60 ደቂቃው ወንፊት ያመልጣል። ልብስ ለማጠብና እንጀራ ለመጋገር የሚወልቀው ግን ይያዛል፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ቀን አርፋ የነበረች ሴት ከሆነች፣ የሥራዋ ሰዓት በዕረፍቷ ይሞላል። ክፍተቱ በዘፈቀደ የመጣ አይደለምና ጉዳቱም ለሁሉ እኩል አይደርስም።

መብራት መጥፋትስ? ረድፎቹ በመለያ ቁጥር ከተደረደሩ ተበታትኖ ይሰወራል። በየብሎኩ ከተደረደሩ ግን ቻርጅ ያጡት የጎረቤታሞቹ ሰዓቶች ተቀራርበው ሲነጡ ይታያሉ፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን በተሳታፊዎች ቸልተኝነት ማሳበብ ይከብዳል።

የግራፉ ቀን ከየት ይጀምር? የውጭ ሶፍትዌር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍን ለሁለት ይቆርጣል። እኛ እንደምንቆጥረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሳ ሌሊቱ ሳይሰነጠቅ ይቀመጣል። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ ለሚቀጥል ክትትል ደግሞ ወርሃዊው ሽፋን በሰዓት ድምር ሳይሆን በመቶኛ ይሣል፤ አለዚያ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን በየዓመቱ መሣሪያው የተበላሸባት ወር ትመስላለች።