አልጋ፣ ማዕረግና በር፦ በቀን ጉዞ የመኝታ ክፍል የመያዝ ታሪክ ከሐይቅ ሲታይ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በሐይቅ ከተማ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



ለዛሬው ንግግር መነሻ የሆነኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። ለትምህርት ጉብኝት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ስንሄድ ተማሪዎቹ በወንበር ተሳፈሩ፤ እኔ ግን የወገቤን ሕመም ፈርቼ ልዩነቱን ከፈልሁና ባለ በር የመኝታ ክፍል ያዝሁ። ባቡሩ በጠዋት ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ አደረሰን። ስንወርድ ተማሪዬ ሻንጣዬን ተቀበለኝና «መምህር፣ ተኝተው ነበር እንዴ?» አለኝ። «ኧረ አልተኛሁም፤ ሳነብ ነው የመጣሁት» አልሁት። «ታዲያ አልጋው ለምን አስፈለገ?» ሲል ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም ስቄ አለፍሁት።

ነገር ግን ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ሰው በጠራራ ፀሐይ ለማይተኛበት አልጋ ገንዘብ የሚከፍለው ምን ለማግኘት ነው? የዛሬው መልሴ በአጭሩ ይህ ነው፤ በቀን አልጋ የሚይዝ መንገደኛ በዋነኛነት የሚገዛው በሩን ነው። በር ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በአገራችን ከባቡር በፊት የነበረ ረጅም ታሪክ አለው።

፩. ከባቡር በፊት፦ መገለል ለማን ይፈቀድ ነበር?

በቋንቋችን እንጀምር። «አልጋ» መኝታ ነው፤ ዙፋንም ነው። የንጉሥ ልጅ «አልጋ ወራሽ» ይባላል። መንገደኛም ደሴ ገብቶ ማደሪያ ሲከራይ «አልጋ ያዝሁ» ይላል። «ማዕረግም» እንዲሁ ነው። የሹመት ደረጃ ነው፤ የባቡር ቲኬት ሲመጣ ደግሞ አንደኛ ማዕረግ፣ ሁለተኛ ማዕረግ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ተባለ። ፈረንሳዮቹ ያመጡትን የወንበር ደረጃ የእኛ ሰው የተረጎመው ለሹመት በሚጠቀምበት ቃል ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ አዳራሹ የብዙኃን፣ እልፍኙ የጥቂቶች ነበር። ወደ እልፍኝ የሚገባውን ከማይገባው የሚለይ «እልፍኝ አስከልካይ» የሚባል ባለሥልጣን ነበር፤ ሥራው በስሙ ውስጥ ተጽፏል። በግብር ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው መገለል በሹመት የሚገኝ ነው።

ሁለተኛውን ለማየት ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሐይቁ መመልከት ይበቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውኃ የተለየ ሥፍራ ነበር። መነኩሴም በበኣቱ ለብቻው ይቀመጣል፤ ይህን ብቸኝነት ግን የሚያገኘው ያለውን ሁሉ በመተው እንጂ በመክፈል አይደለም።

ሦስተኛው በየቤታችን ያለ ነው። አራስ ሴት በመጋረጃ ትከለላለች፤ ሕመምተኛ ከጓዳ ይተኛል፤ ጎረቤትም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ይህ መገለል በችግርና በድካም የሚገኝ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ሕመምተኛው ሳይሆን ቦታ የሚለቅለት ቤተሰብ ነው።

የባቡር ቲኬት በእነዚህ በሦስቱ ላይ አራተኛ አመጣ፤ ገንዘብ። ከዚያ በኋላ ያልተሾመም፣ ያልመነኮሰም፣ ያልታመመም ሰው በር መዝጋት ቻለ።

፪. አልጋው በምድር ላይ የነበረበት ዘመን

ይህ አካባቢ ለባቡሩ ዘመን ታሪክ እንግዳ አይደለም። የዛሬዋ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል ስሟን የሰጠችው ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ በዓመቱ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ የሚነሣውን የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። አንዱ ሌላውን ወለደው አልልም፤ ሁለቱም ግን አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር በማን በኩል ትገናኛለች የሚል አንድ ጥያቄ ነበረባቸው።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ። በ1908 የተመሠረተው የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በ1917 አዲስ አበባ አስገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ጣቢያው ማለት ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት መደበኛው ባቡር የሚጓዘው በቀን ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሌሊቱን ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። መንገደኛው በፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲመሽ ወርዶ በምድር ላይ ይተኛል። ገንዘብ ያለው አዋሽ ላይ ከጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል አልጋ ይይዛል፤ የሌለው ዘመድ ይፈልጋል ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ማዕረግ በቀን በወንበር፣ ሌሊት በጣሪያ ይለይ ነበር ማለት ነው።

በሐዲዱ ላይ አልጋና ሳሎን ያላቸው ሠረገላዎች የንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በዚህ መንገድ ላይ አልጋ በሁለቱም ትርጉሙ አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነበር።

፫. ሌሎች አገሮች በሩን እንዴት ሸጡት?

በአሜሪካ ጆርጅ ፑልማን በ1860ዎቹ የመኝታ ሠረገላን ትልቅ ንግድ አደረገው። ቀን ፊት ለፊት የተቀመጡት ወንበሮች ሌሊት ተዘርግተው አልጋ ይሆኑ ነበር። አልጋውን የሚያነጥፉት ግን በአብዛኛው ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። እነዚህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በጥቁሮች የመብት ትግል ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ አበረከተ። ከተዘጋው በር ውጭ ማን እንደሚቆም ሳይጠየቅ የምቾት ታሪክ አይጻፍም። ዛሬም በአሜሪካው አምትራክ ባቡር አንዲት ጠባብ ክፍል ለቀን ጉዞ የሚይዝ መንገደኛ አለ፤ ምግብ፣ ጸጥታና በር ያገኛል፤ አልጋው ላይዘረጋም ይችላል።

በሕንድ ደግሞ አልጋ በቀን የጋራ ነው። በመኝታ ሠረገላ የእንቅልፍ ሰዓት በደንብ ተወስኗል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ከዚያ ውጭ መካከለኛው አልጋ ይታጠፋል፤ ታችኛው ለሁሉም ወንበር ይሆናል።

ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የቻይናው ነው። ከአብዮቱ በኋላ የቻይና መንግሥት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማዕረግ የሚሉትን ስሞች ሰረዘ፤ በእኩልነት ዘመን ማዕረግ መጥራት አሳፋሪ ነበርና። በምትኩ ሠረገላዎቹ «ጠንካራ ወንበር»፣ «ጠንካራ አልጋ»፣ «ለስላሳ አልጋ» ተባሉ። የሰው ደረጃ ቀርቶ የፍራሽ ደረጃ ተጠራ። ይሁንና ለስላሳው አልጋ ለረጅም ጊዜ በተግባር የተፈቀደው ለከፍተኛ ሹማምንትና ለውጭ እንግዶች ነበር። ስሙ ተለወጠ እንጂ እልፍኝ አስከልካዩ ከበሩ አልተነሣም።

፬. የእኛ አዲሱ ባቡር

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከቻይና ሐዲዱንና ሠረገላውን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ የአልጋውን አከፋፈልም ወስዷል። ወንበር አለ፤ በር የሌላቸው ባለ ስድስት አልጋ ክፍሎች አሉ፤ በር ያላቸው ባለ አራት አልጋ ክፍሎች አሉ። ጉዞው ግን በጠዋት የሚጀመር የቀን ጉዞ ነው።

የአያቶቻችን ባቡር በቀን እየሄደ አልጋውን በምድር ላይ ይተው ነበር፤ የእኛው አልጋውን ጭኖ በቀን ይሄዳል። ለረጅም የሌሊት ጉዞ የታሰበ ዕቃ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው በእኛ መንገድ ላይ አዲስ ትርጉም አገኘ፤ የመኝታ ክፍል የቀን እልፍኝ ሆነ።

እልፍኙ ቦታ ይፈጃል። በቻይና በተለመደው 25ጂ በሚባለው ዓይነት ሠረገላ ጠንካራው ወንበር 118 ሰው ይይዛል፤ ጠንካራው አልጋ 66፤ ለስላሳው አልጋ 36። አንድ ሰው በር ሲዘጋ ከሁለት የሚበልጡ ሰዎችን የወንበር ሥፍራ ይዞ ነው። ይህን የምለው እኔም የዘጋሁት ሰው ስለሆንሁ ነው። የሠረገላው ቁጥር ከተማሪዬ ይልቅ አጥብቆ ይጠይቀኛል።

፭. ነጠላ የተጋረደበት አውቶቡስ

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ ልምጣ። ወሎ በባቡር አላደገም። እኛ ያደግነው በአውቶቡስ ነው፤ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ምሳ በልቶ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ የሚወጣው መንገድ። ለብዙ ዓመታት የሕዝብ አውቶቡስ በሌሊት መጓዝ ክልክል ስለነበር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሳይመሽ መግባት ደንብ ነበር። ማዕረግም አልጠፋም፤ ጋቢና ነበር። ከሹፌሩ አጠገብ መቀመጥ ክብር ነው፤ የሚያገኘውም የታወቀ ሰው ወይም ቀድሞ ያስያዘ ነው።

በ1988 ዓ.ም. እናቴ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ወደ ሐይቅ ስመልሳት የኋላ መቀመጫ ነበር የደረሰን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ መቀመጥ አቃታት። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተነሡ፤ «ልጄ፣ እናትህን አስተኛት፤ እኛ እንጠጋጋለን» አሉኝ። ሌሎቹም ተከትለው ለቀቁ። አንዲት የከሚሴ ሴት ነጠላዋን አወረደችና ከዕቃ መጫኛው ብረት ላይ አስራ ጋረደችላት። ሽማግሌው እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቆመው ሄዱ። ልቀመጥ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሉም። እናቴ ደግሞ ከነጠላው ጀርባ ሆና ደጋግማ «ተቀመጡ በሏቸው» ትለኝ ነበር።

ያ ነጠላ በሕይወቴ ያየሁት እጅግ ጥሩው የመኝታ ክፍል ነው። ሆኖም ታሪክ አስተማሪ ነኝና ናፍቆት እንዳይዘኝ እጠነቀቃለሁ። ደግ ሰዎች ባይገጥሙንስ ኖሮ? እናቴ ያገኘችው መብት አልነበረም፤ ምሕረት ነበር። ሌላ ሕመምተኛ በሌላ ቀን በዚያው መንገድ ቁጭ ብሎ ተሠቃይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ድሮ በደግነት እንኖር ነበር፤ ገንዘብ አበላሸን» የሚለው አባባል ብዙም አያስኬደኝም። ባለ በሩ ክፍል ገንዘብ ላለው ሕመምተኛ ማንንም ሳይለማመጥ መተኛትን ሰጥቶታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የጎደለው ሦስተኛው መገለል ነው፤ የአራሷና የሕመምተኛው፣ በድካም የሚገኘው። ቲኬት መሸጫው መስኮት ሹመትን በገንዘብ ተካ፤ ችግርን ግን የሚያይበት ዓይን አልተሠራለትም።

፮. ገና ላልመጣው ባቡር

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፕሮጀክቱም ከጉዳት አልዳነም። ስለዚህ የወሎ ሕዝብ ሐዲድ አይቷል፤ መደበኛ የመንገደኞች ባቡር ግን ገና አልተሳፈረም።

አንዳንዶቻችሁ «ባቡሩ ሳይመጣ ስለ አልጋው ምን አነጋገረን?» ትሉ ይሆናል። እኔ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። የጅቡቲው ሠረገላ ሲመጣ አከፋፈሉ ተሠርቶ ያለቀ ነበር፤ ማንም «በቀን ለምንጓዝ ለእኛ ስንት አልጋ፣ ስንት ወንበር ይበጃል?» ብሎ ሲጠይቅ በአደባባይ አልሰማንም። የወሎው ሠረገላ ገና አልታዘዘ ከሆነ ጥያቄው ሊቀድመው ይችላል።

በእርግጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ደኅንነት ነው። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ያን ቀን የማንኛውም ማዕረግ ቲኬት ዋስትና አልሆነም። ከደኅንነት ቀጥሎ ግን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየባቡሩ ቢያንስ አንድ ባለ በር ክፍል እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ ለሕመምተኛ፣ ለአራስና ለአቅመ ደካማ በወንበር ዋጋ ይጠበቅ። ጠያቂ ካልመጣ ያን ጊዜ ለከፋይ ይሸጥ። ቀሪዎቹን ክፍሎች እንደ እኔ ያለ ወገቡን የሚያመው መምህር ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ይያዝ፤ ከእሱ የሚገኘው ትርፍም የወንበሩን ዋጋ ያቅልል።

ተማሪዬ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። «አልጋው ለምን አስፈለገ?» ላልኸኝ፣ በር ለመዝጋት ነው። የመዝጋት አቅም ስለነበረኝ ዘጋሁ። በዚያ ሠረገላ ከእኔ ይልቅ ያ በር የሚያስፈልገው ሰው ይኑር አይኑር ግን አልጠየቅሁም። ባቡሩም እንድጠይቅ አላስገደደኝም። ቀጣዩ ባቡር ከእኔ የተሻለ እንዲጠይቅ የማድረጉን ሥራ ለእናንተ እተዋለሁ።

አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።